ለሳይንስ መምህር የስንብት ስጦታ፦ ኪስ የማይጎዳ፣ መሳቢያ ውስጥ የማይረሳ

መምህሩ ሊለቁ ነው ተባለ። የቀረው ሁለት ሳምንት ነው። ክፍል ውስጥ አንዱ ይነሳና «ገንዘብ እናዋጣ» ይላል። ሌላዋ «ምን ልንገዛ?» ትላለች። ከዚያ ጸጥታ። መጨረሻ ላይ ማንም ያልወደደው፣ ማንም ያልተቃወመው ነገር ይመረጣል፦ «የዓለም ምርጥ መምህር» የሚል ኩባያ።

እኔም በተማሪነቴ ለእንዲህ ያለ ኩባያ አዋጥቻለሁ። ለፊዚክስ አስተማሪያችን ነበር። ከዓመታት በኋላ አዲሱ ቢሯቸው ሄጄ ሰላም ስላቸው ኩባያው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ከጎኑ አምስት ኩባያዎች ተደርድረዋል። የትኛው የእኛ እንደሆነ እኔ አላወቅኩትም። እሳቸውም አላወቁትም። ሁለታችንም ያወቅን መስለን ሳቅን።

ኩባያ መጥፎ ስጦታ ነው ማለቴ አይደለም። ችግሩ ለማንም ሊሰጥ መቻሉ ነው። የሳይንስ መምህር ዓመቱን ሙሉ ሲለፉ የነበሩት አንድ ነገር እናንተ ጭንቅላት ውስጥ እንዲገባ ነው። መግባት አለመግባቱን ግን ከፈተና ወረቀት ሌላ የሚያዩበት መንገድ የላቸውም። ስለዚህ ጥሩ ስጦታ የሚባለው «ያስተማሩን ደርሶናል፤ ይኸው ማስረጃው» የሚል ነው። እንዲህ ያለ ማስረጃ ደግሞ ብዙ ጊዜ በነጻ ይገኛል።

የዚህ ዓይነቱ ስጦታ ምርጥ ምሳሌ 200 ዓመት አልፎታል። ማይክል ፋራዴይ ድሃ ወጣት ነበር፤ ለንደን ውስጥ የመጽሐፍ ጥረዛ ሙያ ይማር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1812 አንድ ደንበኛ የታዋቂውን ኬሚስት የሃምፍሪ ዴቪን የኬሚስትሪ ንግግሮች የሚሰማበት ትኬት ሰጠው። ፋራዴይ ተቀምጦ አዳመጠ፣ ማስታወሻ ያዘ፣ ሥዕል ሣለ። ከዚያ ማስታወሻውን በንጹሕ ጻፈና ወደ 300 ገጽ የሚጠጋውን ወረቀት በገዛ እጁ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። በቀጣዩ ዓመት ዴቪ ረዳቱ አድርጎ ቀጠረው። ኤሌክትሪክን ከማግኔት የማመንጨትን መንገድ በ1831 ያገኘው ያው ልጅ ነው። ዴቪ የተላከለት ስጦታ ሌላ ምንም አልነበረም፤ የራሱ ትምህርት ነው፣ በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ የተመለሰለት።

እናንተ ሥራ ለመቀጠር ብላችሁ አይደለም የምትሰጡት። መንገዱ ግን ያው ነው።

1. ወዴት እንደሚሄዱ ጠይቁ

ስንብት ሁሉ አንድ አይደለም። ጡረታ የሚወጡ አሉ። ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የሚዛወሩ አሉ። ለትምህርት ሩቅ አገር የሚሄዱ አሉ። ሙያውን ጨርሰው የሚተዉም አሉ። ስጦታው ከዚህ ይጀምራል።

ጡረታ ለሚወጣ ሰው ወደ ኋላ የሚያይ ስጦታ ይስማማል፤ የሥራ ዘመኑን የሚቆጥር፣ ትዝታ ያለበት። ለሚዛወር ሰው ነገ አዲሱ ክፍል ይዞት የሚገባ ነገር ይሻላል። ሩቅ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ጠፍጣፋ፣ ቀላልና የማይሰበር ይሁን። ሻንጣው ሞልቶ ኪሎ የሚቆጥር ሰው እጅ ላይ የመስታወት ዕቃ ማስጨበጥ ስጦታ ሳይሆን ሸክም ነው። (አውሮፕላን ለሚሳፈር ሰው ደግሞ ነጭ ዱቄት በብልቃጥ አትስጡ። የኬሚስትሪ መምህር ነኝ ማለት ፍተሻ ላይ ነገሩን ያባብሰዋል እንጂ አያቀልለውም።)

ሳይወዱ የሚለቁም ይኖራሉ። እንዲህ መሆኑን ከሰማችሁ ቀልድ ያለበት ስጦታ ይቅር። ደብዳቤውን አጠንክሩ።

2. ትዝታ ልቀሙ

ይህን ደረጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል። ስጦታውን ስጦታ የሚያደርገው ግን ይሄ ነው።

ለእያንዳንዱ ተማሪ ቁራጭ ወረቀት ስጡ። ሳይነጋገሩ፣ ሳይኮራረጁ እንዲጽፉ አድርጉ። ሳይነጋገሩ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አንዱ ጮክ ብሎ «ያን ፍንዳታ ታስታውሳላችሁ?» ካለ ሁሉም ፍንዳታውን ይጽፋል። አንዱ ልኬት ሌላውን እንዳይጎትት ለየብቻ መለካት እንዳለበት መምህሩ ራሳቸው አስተምረዋችኋል።

የሚጠየቀው ይህን ይመስላል። ደጋግመው የሚሉት ነገር ምንድን ነው? የትኛው ሙከራ አልረሳ አላችሁ? የከሸፈው ሙከራስ? ፊታቸው የሚበራው ስለ ምን ሲያወሩ ነው? ከክፍል ውጪ ትዝ ያላችሁ ትምህርት የትኛው ነው፤ ልብስ ስታጥቡ፣ መብረቅ ስታዩ፣ ብስክሌት ስትነዱ?

የመጨረሻው ጥያቄ ወርቅ ነው። «ዝናብ ሲዘንብ በመብረቁና በነጎድጓዱ መካከል ሰከንድ እየቆጠርኩ ለ3 አካፍላለሁ፤ ስንት ኪሎ ሜትር እንደራቀ ለታናሽ ወንድሜ እነግረዋለሁ» የሚል ወረቀት ከመጣላችሁ ስጦታው በግማሽ አልቋል ማለት ነው።

ወረቀቶቹን ሰብስቡና የሚደጋገመውን ፈልጉ። እኛ ይህን ለኬሚስትሪ አስተማሪያችን ስናደርግ ከክፍሉ ግማሹ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ተገኘ፦ «አሲዱን ወደ ውኃው፤ ውኃውን ወደ አሲዱ በፍጹም!» እሳቸው ይህን ሲሉ ጣታቸውን የሚቀስሩበት መንገድ ሳይቀር ተጽፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ምን እንስጥ ብለን አልተጨነቅንም። ዓረፍተ ነገሩ ከታች ቁጥር 4 ላይ የምነግራችሁ ዓይነት ደብተር ሽፋን ሆነ።

3. የገንዘቡን ጣሪያ ቀድማችሁ ቁረጡ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ከክፍሉ ትንሹን የሚችለው ልጅ ሳይጨነቅ የሚያዋጣው መጠን ጣሪያው ይሁን። ማን ስንት እንዳዋጣ አይመዝገብ። ካርዱ ላይ ግን የሁሉም ስም ይኑር፤ ያላዋጣውም ጭምር። ትምህርት ቤቱ ስለ ስጦታ ደንብ ካለው ጠይቁ። ውጤት ገና ካልገባ ደግሞ ስጦታው ውጤት ከገባ በኋላ ይሰጥ። መምህሩን ከሐሜት ታድኗቸዋላችሁ።

ርካሽ ነው ብላችሁ አትፈሩ። ፍራንሲስ ፍሊን እና ጋብሪኤል አዳምስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ሰጪዎች ስጦታው በተወደደ ቁጥር ተቀባዩ ይበልጥ ይደሰታል ብለው ገምተው ነበር። ተቀባዮቹ ግን ደስታቸውን ከዋጋው ጋር አላያያዙትም። ዋጋው የሚያስጨንቀው ሰጪውን ነው።

4. አሁን ምረጡ

ሁሉንም አትሥሩ። አንዱን ምረጡና በደንብ ሥሩት።

*ደብተሩ።* ያለኝን ድምፅ ሁሉ ለዚህ እሰጣለሁ። የፋራዴይን ሥራ በትንሹ መድገም ነው። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ገጽ ይሰጠዋል። ገጹ ላይ ከመምህሩ ትምህርት አንዱን በራሱ ቃል ይጽፋል፤ ሥዕል ካስፈለገው ይሥላል። ከሥሩ ሁለት መስመር ይጨምራል፦ ይህን የት እንደተጠቀመበት፣ ወይም ለምን እንዳልረሳው። ስለ መምህሩ ደግነት የሚተርክ ገጽ አይደለም። ስለ ኦስሞሲስ፣ ስለ ፍትጊያ፣ ስለ ሴል የሚተርክ ገጽ ነው። ደግነታቸው በመሃል ራሱ ይወጣል።

የድሮ ደብተራችሁን ከነጭረቱ ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ብታስገቡበት ደግሞ ይደምቃል። በተለይ መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ «የመለኪያ አሃዱስ?» ብለው የጻፉበት ገጽ ካለ እሱ እንዳይቀር።

አጠራረዙ ቀላል ነው። ስምንት ወረቀት እላይ በላይ አድርጋችሁ መሃሉን እጠፉ። 32 ገጽ ሆነላችሁ። ወፍራም ወረቀት በሽፋንነት አልብሱት። እጥፋቱ ላይ ሦስት ቀዳዳ ብሱ፤ አንዱ መሃል፣ ሁለቱ ከላይና ከታች። ጠንካራ ክር በመርፌ አስገቡና ከውጭ በመሃለኛው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ግቡ፤ የክሩን ጫፍ ግን ውጭ ተዉት። በውስጥ በኩል ወደ ላይኛው ሂዱና ውጡ። በውጭ በኩል መሃለኛውን ዘላችሁ ወደ ታችኛው ውረዱና ግቡ። በውስጥ በኩል ወደ መሃለኛው ተመልሳችሁ ውጡ። አሁን ሁለቱ የክር ጫፎች ውጭ፣ መሃለኛው ቀዳዳ ላይ ተገናኝተዋል። ረጅሙን ስፌት መሃላቸው አድርጋችሁ ቋጥሯቸው። አለቀ። ክፍሉ ብዙ ከሆነ ሁለት ቅጽ ሥሩ፤ «ቅጽ 1» እና «ቅጽ 2» የሚል ሲጻፍበት እንዲያውም ቁም ነገር ይመስላል።

*ዓመቱን ቁጠሩ።* ይህ ለጡረተኛ መምህር የተፈጠረ ስጦታ ነው። ስንት ዓመት እንዳስተማሩ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ቀስ ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ያ ቁጥር በንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ላይ የማን አቶሚክ ቁጥር እንደሆነ እዩ።

26 ዓመት ከሆነ ብረት ነው። አንድ ንጹሕ ምስማር ትንሽ ሳጥን ውስጥ፣ ጥጥ ላይ አስተኝታችሁ፣ ከሥሩ «26፦ ብረት። የሥራ ዘመንዎ» የሚል ካርድ ብታስቀምጡ የሙዚየም ዕቃ ይመስላል። 29 ከሆነ መዳብ ነው፤ አንድ ስንዝር የመዳብ ሽቦ። 13 ከሆነ አሉሚኒየም፣ 6 ከሆነ ካርቦን፤ የእርሳስ ማዕከሉ ግራፋይት ስለሆነ አንድ እርሳስ ይበቃል። 30 ዚንክ ነው፤ እንዳይዝግ ዚንክ የተለበጠ ምስማር ፈልጉ። 24 ክሮሚየም ነው፤ የማይዝግ ብረት የማይዝገው በክሮሚየም ነውና ትንሽ ማንኪያ ይሆናል። 15 ፎስፈረስ ነው፤ ክብሪቱ የሚጫርበት የሳጥኑ ጎን ላይ አለ።

ሁለቱን ግን በጣም እወዳቸዋለሁ። 12 ዓመት ማግኒዥየም ነው። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል መሃሉ ላይ የማግኒዥየም አቶም አለው። ስለዚህ ለ12 ዓመት አንድ የደረቀ አረንጓዴ ቅጠል ይሰጣል። 20 ዓመት ደግሞ ካልሲየም ነው። ጠመኔ! አንዳንዱ ጠመኔ የሚሠራው ከካልሲየም ካርቦኔት፣ አንዳንዱ ከካልሲየም ሰልፌት ነው። በየትኛውም ብትሄዱ ካልሲየም አለበት። 20 ዓመት ሙሉ እጃቸውን ሲያነጣው የኖረው ነገር የራሳቸው ቁጥር ሆኖ ሲያገኙት ምን እንደሚሉ ለመስማት ብቻ ክፍሉ ውስጥ ብገኝ ደስ ይለኝ ነበር።

33 ዓመት ካስተማሩ አርሰኒክ ነው። እሱን በቀልድ ካርድ እለፉት። 11ም ቢሆን ሶዲየም ነው፤ ንጹሕ ሶዲየም ውኃ ሲነካው ይቀጣጠላል። የገበታ ጨው ስጡ፣ እዚያ ውስጥም አለ።

የፊዚክስ ወይም የጠፈር ነገር የሚወዱ መምህር ከሆኑ ያንኑ ቁጥር ወደ ሰማይ ውሰዱት። ብርሃን በዓመት 9.46 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ቬጋ የምትባለው ኮከብ ከእኛ 25 የብርሃን ዓመት ትርቃለች። እንግዲህ 25 ዓመት ላስተማረ ሰው፣ የመጀመሪያው ቀን ክፍል ሲገባ ከቬጋ የተነሣው ብርሃን አሁን ነው የደረሰው። ሲሪየስ 8.6 የብርሃን ዓመት ትርቃለች። ፕሮሲዮን 11 ተኩል ያህል፣ አልታይር ወደ 17፣ ፖሉክስ ወደ 34፣ አርክቱረስ ወደ 37፣ ካፔላ ወደ 43 ናቸው። ከመምህሩ ዘመን ጋር የምትቀራረበውን ምረጡ። ስቴላሪየም የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ የሚውልበትን ምሽት ሰማይ በላዩ ላይ አውጡና አትሙት። ኮከቧን በቀለም ክበቡባት። ከሥሩ ሁለት መስመር ጻፉ። ወጪው የአንድ ገጽ ኅትመት ነው።

በዚያው ግን አንድ ነገር። «ኮከብ በስምዎ እንሰይምልዎ» እያሉ ሰርተፊኬት የሚሸጡ አሉ። አትግዙ። የሰማይ አካላትን ስም በይፋ የሚያጸድቀው ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ነው፤ እሱ ደግሞ የኮከብ ስም አይሸጥም። የሳይንስ መምህር ይህን ያውቃሉ። አመስግነው ይቀበሏችኋል፤ በልባቸው ግን «ምን አስተማርኳቸው?» ይላሉ።

*ክሪስታሉ።* ሦስት ሳምንት ያህል ካላችሁና አንድ ትዕግሥተኛ ልጅ ካለ ይህ ያምራል። የሚያስፈልገው ፖታሲየም አልም የሚባለው ጨው፣ ውኃ፣ ሁለት ብርጭቆና ቀጭን የናይለን ክር ነው። የመዳብ ሰልፌት ክሪስታል ሰማያዊ ቀለሙ ይማርካል፣ ግን መርዛማ ነው። ቤት ውስጥ አልሙ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን አይቀመስም።

ሙቅ ውኃ ላይ አልሙን እያማሰላችሁ ጨምሩ፤ አልሟሟም ብሎ ሥሩ መቅረት ሲጀምር አቁሙ። አጥልሉት። ከላዩ ትንሽ ቀድታችሁ ሳህን ላይ አፍስሱና ለአንድ ቀን ተዉት። ጥቃቅን ክሪስታሎች ይፈጠራሉ። ከመካከላቸው ጥርት ያለውን፣ ጠርዙ ያልተሸራረፈውን ምረጡ። ዘሩ እሱ ነው። በክሩ እሰሩትና በቀረው ፈሳሽ መሃል አንጠልጥሉት። ክሩን እርሳስ ላይ ጠቅልላችሁ እርሳሱን ብርጭቆው አፍ ላይ አጋድሙት። በወረቀት ሸፍኑ፣ በክዳን አትዝጉት፤ ውኃው ቀስ ብሎ መትነን አለበት። ፀሐይና ንቅናቄ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ።

እዚህ ላይ የሁሉም ሰው ስህተት የእኔም ነበር። ፈሳሹ ገና ለብ ያለ ነበር፣ ቸኮልኩ፣ ዘሩን ከተትኩት። ጠዋት ስነሣ ክሩ ብቻ ተንጠልጥሏል። ለብ ያለ ውኃ ተጨማሪ ጨው ማሟሟት ስለሚችል ዘሬን በላብኝ። ፈሳሹ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ብርጭቆው ሥር ሌሎች ክሪስታሎች ከበቀሉ ደግሞ ጨውን ይሻሟችኋልና ዘሩን አውጡ፤ ፈሳሹን አሙቃችሁ መልሳችሁ አሟሙት፣ አቀዝቅዛችሁ ዘሩን መልሱ።

ጥሩ ከሄደ ስምንት ገጽታ ያለው ጥርት ያለ ድንጋይ ታገኛላችሁ። አድርቁትና ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ቀቡት፤ አለበለዚያ ቀስ በቀስ ውኃውን እያጣ ይደበዝዛል።

ከክሪስታሉ እኩል ደስ የሚያሰኘው አብሮት የሚሄደው ወረቀት ነው። በየሁለት ቀኑ በማስመሪያ ለኩት፣ ቀኑንና ሚሊ ሜትሩን መዝግቡ፣ ግራፍ ሥሩ። የከሸፈውንም ጻፉ፦ «ሙከራ 1፦ ዘሩ ሟሟ። ምክንያት፦ ችኮላ።» የግራፉ መስመሮች ላይ አሃድ መጻፍ እንዳትረሱ ብቻ። መምህሩ ክሪስታሉን ከማየታቸው በፊት አሃዱን ነው የሚፈልጉት።

*ሌሎቹ፣ በአጭሩ።* ለባዮሎጂ መምህር ከትምህርት ቤቱ ግቢ የተለቀመ ቅጠል ወይም አበባ በጋዜጣ መሃል አድርጋችሁ፣ መጽሐፍ ጭናችሁ ሁለት ሳምንት አድርቁ፤ እርጥበት እንዳያበሰብሰው ጋዜጣውን በየጥቂት ቀኑ ቀይሩ። ወፍራም ወረቀት ላይ ለጥፉትና የዕፅዋት ሙዚየም እንደሚያደርገው ሳይንሳዊ ስሙን፣ የተለቀመበትን ቦታ፣ ቀኑንና የለቃሚውን ስም ጻፉ። ሳይንሳዊ ስሙን እርግጠኛ ካልሆናችሁ መስመሩን ባዶ ተዉት። መሙላቱን መምህሩ ይወዱታል።

ለሚዛወሩ መምህር ደግሞ 10 እጥፍ የሚያጎላ የኪስ ማጉያ መነጽር ጠቃሚ ነው። ኪስ ይገባል፣ ባትሪ አይፈልግም። ለፊዚክስ መምህር ከአሮጌ ሲዲና ከካርቶን ሳጥን ብርሃንን ወደ ቀለማት የሚበትን መሣሪያ መሥራት ይቻላል። የሲዲው መስመሮች 1.6 ማይክሮሜትር ብቻ ስለሚራራቁ ብርሃኑን እነሱ ይበትኑታል። ሳጥኑ ላይ በቀጭን ክፍተት ብርሃን አስገቡ፣ ፊት ለፊቱ የሲዲውን ቁራጭ አጋድማችሁ ለጥፉ፣ ከላይ ማያ ቀዳዳ ብሱ። የኤልኢዲ አምፖልና የሻማ ብርሃን ሲታዩበት ልዩነታቸው ቁልጭ ይላል። ወደ ፀሐይ ግን በፍጹም አይዞርም፤ ይህን ሳጥኑ ላይ ጻፉት።

5. እነዚህ ይቅሩ

ኬሚካል አትስጡ። እንስሳ አትስጡ፤ ጥንቸል ይዞ ማን ይሰናበታል? አሮጌ የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ቆንጆ ዕቃ ነው፣ ሲሰበር ግን መርዝ ነው። ከቤተ ሙከራ የወጣ ቢከርን (የሙከራ ብርጭቆን) አጥቦ የመጠጫ ዕቃ አድርጎ መስጠት ፋሽን የሚመስላቸው አሉ። ምን ተቀድቶበት እንደነበር አይታወቅምና ይቅር። ሽቶና ልብስ የግል ምርጫ ናቸው። ምላሱን ያወጣው የአይንስታይን ፖስተር… እሱን ቀድሞ የሰጣቸው ሰው አለ፣ እመኑኝ።

ሳይንሱ የተሳሳተ ነገር ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ኤሌክትሮን እንደ ፕላኔት በክብ መንገድ ሲዞር የሚያሳይ ጌጥ ለኬሚስትሪ መምህር ከመስጠታችሁ በፊት ሁለቴ አስቡ። ክፍል ውስጥ ዓመቱን ሙሉ «እንዲህ አይደለም» ሲሉ የነበሩት እሱን ነው።

6. ደብዳቤው

ስጦታው ምንም ይሁን ምን ደብዳቤ አይቅር። ገንዘብ ጨርሶ ከሌለ ደብዳቤው ብቻውን ይበቃል።

ሰው የምስጋና ደብዳቤ መጻፍ ያፍራል። «ምን ይሉኝ ይሆን» ይላል። አሚት ኩማር እና ኒኮላስ ኤፕሊ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ አይቷል። ሰዎች የምስጋና ደብዳቤ ጻፉ፣ ተቀባዩ ምን ሊሰማው እንደሚችልም ገመቱ። ከዚያ ተቀባዮቹ ተጠየቁ። ጸሐፊዎቹ የተቀባዩን ደስታ አሳንሰው፣ ሐፍረቱን ደግሞ አጋነው ገምተው ተገኙ።

«ለእኛ እንደ ሻማ ቀልጠው ያበሩልን መምህር» የሚለውን ተዉት። ማንም ለማንም ሊጽፈው ይችላል። አንድ ትዕይንት ምረጡ። ቀን፣ ቦታ፣ የተባለው ቃል። ከዚያ ያ ትዕይንት እናንተ ላይ ምን እንዳደረገ በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ቁሙ።

ለምሳሌ እንዲህ፦

«ቲቸር፣ አንድ ቀን በረዶ ለምን ውኃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ነግረውን ሲጨርሱ እጄን አወጣሁና ሌላ ጥያቄ ጠየቅኩዎት። ትንሽ አሰቡና ‹አላውቅም፤ ነገ አይቼ እመጣለሁ› አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። እርስዎ አልሳቁም። በማግስቱ መልሱን በወረቀት ጽፈው አመጡልኝ። ወረቀቱ አሁንም አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ‹አላውቅም› ማለት አያሳፍረኝም።»

አሥር መስመር አይሞላም። የትኛውም መምህር ግን አይጥለውም።

የክፍሉ የጋራ ደብዳቤ ከሆነ በቤተ ሙከራ ሪፖርት መልክ መጻፍ ያስቃል። ዓላማ፣ መሣሪያዎች፣ አሠራር፣ ውጤት፣ የስህተት ምንጮች። «የስህተት ምንጮች» ሥር የኋላ ወንበር ተቀማጮችን ስም መዘርዘር ይቻላል፤ እነሱ ከፈቀዱ። የግል ደብዳቤ ግን ቀልድ አያብዛ።

በእጅ ጻፉት። የእጅ ጽሑፋችሁ አስቀያሚ ቢሆንም ያውቁታል፤ ስንት ፈተና አንብበውበታል።

7. አሰጣጡ

መጠቅለያ አትግዙ። ያለቀ የግራፍ ወረቀት፣ የድሮ የንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ፖስተር ወይም የፈተና ረቂቅ ወረቀት ያምራል። ከላዩ እንደ ናሙና መለያ የምትሆን ትንሽ ካርድ ለጥፉ፦ የናሙናው ስም፣ ቀን፣ ሰብሳቢዎች።

የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ የመጨረሻ አሥር ደቂቃ ምረጡ። ከደወል በኋላ ሰው ይበተናል፣ ከክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ላይ ከሰጣችሁ ደግሞ ማስተማር ያቅታቸዋል። አንድ ሰው ብቻ ይናገር፤ ከሁለት ደቂቃ አይለፍ። ደብዳቤዎቹን እዚያው ጮክ ብለው እንዲያነቡ አታስገድዱ። ሰው ፊት ማልቀስ የማይፈልግ ሰው ቤቱ ሄዶ ማንበብ መብቱ ነው። ያ ቀን ቀርታችሁ ከሆነ ወይም ትምህርት ከጨረሳችሁ ቆይታችሁ ከሆነ በሰው ላኩት። አምስት ዓመት ዘግይቶ የመጣ ደብዳቤም ይነበባል፤ እንዲያውም ትምህርቱ አምስት ዓመት መቆየቱን ያሳያል።

ደብተሩን ከመረጣችሁ ግን አንድ ነገር አትርሱ። ከመስጠታችሁ በፊት ገጾቹን ፎቶ አንሥታችሁ ቅጂውን ለራሳችሁ አስቀሩ፣ ሽፋኑ ላይ ደግሞ አንድ ቀይ እስክሪብቶ በክር እሰሩበት። የሆነ ገጽ ላይ አሃድ የረሳ ልጅ አይጠፋም፤ እሳቸውም ሳያርሙት አያልፉም።